ካርታው ላይ ያልነበረችው ልጅ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መጽሔቱን ለአፍታ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ያደጋችሁበትን ሰፈር ከአስፋልቱ ተነስታችሁ እስከ ቤታችሁ በር ድረስ በሐሳብ ተራመዱበት። ሱቁ በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ? የማን በር ነበር ሲከፈት ሲጢጥ የሚለው? የማን ውሻ ነበር በሩጫ የሚያሳልፋችሁ? የቡናው ሽታ የሚመጣው ከየትኛው ቤት ነበር?

አብዛኞቻችሁ ሳትቸገሩ ቤታችሁ እንደደረሳችሁ እርግጠኛ ነኝ። ትናንት ምሳ ምን እንደበላን የምንረሳ ሰዎች የዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የረገጥነውን ድንጋይ አንረሳም። እኔም ሰፈሬን ከነኮረብታው ከነጉድጓዱ አስታውሰዋለሁ ብዬ እምል ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን አንዲት ሴት በአንድ አጭር ጥያቄ፣ የማስታውሰው ግማሹን ብቻ መሆኑን አሳየችኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ቀን ነው።

አርባ እርምጃ

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። የእኛ ቅያስ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው በትልቅ ሰው እግር አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ግራና ቀኙ እርስ በርስ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች፣ ከላይ የዛገ ቆርቆሮ፣ መሐል ለመሐል ደግሞ ክረምት ከበጋ የማትደርቅ የቦይ ውሃ። በእኛ ግቢ ውስጥ ሰባት ቤተሰብ ነበር። ለሰባቱ ቤተሰብ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ ረጅም ጥቁር ማድ ቤት። የውሃ ቦኖው ቅያሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ወረፋው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል።

ከቅያሱ ስትወጡ ዓለም በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ሲኒማ ኢትዮጵያ እዚያው ነው። ሲኒማ አምፒር እዚያው ነው። የወርቅ ቤቶቹ መስኮት፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤት፣ ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት፣ ወረድ ሲሉ የራስ መኮንን ድልድይ። ወደ ጊዮርጊስ በኩል ደግሞ አትክልት ተራ፣ ከነጭቃውና ከነጎመኑ ሽታ። እኛ ልጆቹ ያንን ሁሉ የራሳችን ግቢ አድርገን ነው ያደግነው።

ሰፈሩ ራሱ ድሮም የተቀላቀለ ነበር። አራዳ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ የቆመ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ አውጥቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን መሠረተ፤ ለቀድሞው ሥፍራ ደግሞ ፒያሳ የሚለውን ስም አተረፈለት። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም፣ የመኑም፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውም ነጋዴና ባለእጅ እዚሁ አካባቢ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ ኖሯል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ስለዚህ በእኛ ግቢ አስተማሪና ጠላ ሻጭ፣ ልብስ ሰፊና የባንክ ጸሐፊ፣ ሹፌርና የቆሎ ነጋዴ በአንድ ቆጣሪ ይኖሩ ነበር። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ለዚያም ነው ጣሪያው ለዓመታት ሲያፈስ የሚጠግነው ያልነበረው። ሁለቱንም ማስታወስ ደግ ነው።

ስለ ልጅነታችን ጨዋታ ብነግራችሁ የምታውቁትን ነው የምደግመው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ሱዚ፣ ድብብቆሽ፣ ከካልሲ የተሠራ ኳስ። አንድ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ውስጥ አባባ ተስፋዬን ለማየት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንደ ሰርዲን መታጨቅ። ለቡሄ ሙልሙል፣ ለእንቁጣጣሽ በወረቀት ላይ የተሳለ አበባ፣ በረመዳን ማታ ከወዲያኛው ግቢ በሰሃን ተሸፍኖ የሚመጣ ሳምቡሳ። የማንም እናት የማንንም ልጅ ትመታ ነበር፤ የማንም እናት የማንንም ልጅ ታበላ ነበር።

ያ ቅያስ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ነዋሪው ግማሹ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ግማሹ ሌላ የቀበሌ ቤት ተሰጠው፣ ግማሹ ኪራይ ፍለጋ ተበተነ። እኔና እማዬ ከዚያ በፊት ለቅቀን ነበር፤ ሆኖም የፈረሰ ዕለት ሄጄ ቆሜ አይቻለሁ። በጣም የገረመኝ ትንሽነቱ ነው። ሰባት ቤተሰብ፣ ሰባት ሠርግ፣ ስንትና ስንት ለቅሶ የተደረገበት ግቢ አንድ ገልባጭ መኪና ለማዞር እንኳ አይበቃም ነበር።

ወረቀቱ ግድግዳ ላይ

ሰፈሩ ይፍረስ እንጂ ዕድሩ አልፈረሰም። እናቶቻችን እምቢ አሉ። ድንኳኑንና ወንበሩን አንዱ ዘንድ አስቀምጠው መዋጮውን በስልክ መላክ ቀጠሉ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ከልጆቹ አንዱ «ለለቅሶ ብቻ መገናኘት ይብቃን» አለና ሁላችንንም ጠራን። የተገናኘነው አንዷ ጎረቤታችን በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚናል ቤቱ ውስጥ ነው። ዳቦ ተደፋ፣ ዶሮ ተሠራ፣ ቡና ተፈላ። ከሃምሳ የማያንስ ሰው መጣ። ግማሾቻችን ፀጉራችን ሸብቶ፣ ግማሾቻችን ራሰ በራ ሆነን፣ «አንቺ ነሽ? እውነት አንቺ ነሽ?» እየተባባልን ተሳሳምን።

በልጅነቱ ጠመኔ ይዞ ግድግዳ ሁሉ ላይ ይሥል የነበረ፣ ካደገም በኋላ ዕድሜውን የሕንፃ ፕላን ሲሥል የኖረ አንድ ጎረቤታችን አለ። እሱ ትልቅ ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ በእርሳስ ቅያሱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ነድፎ ጠበቀን። ቦዩ አለ። ቦኖው አለ። የሁሉም ግቢ አጥር አለ። በሮቹ ግን ባዶ ናቸው። «እያንዳንዱ ሰው እየመጣ በሩን ይሙላ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባያችሁ! ሃምሳ ሰው በአንድ እስክሪብቶ ተሻማ። «እዚህ ጋ የእኛ ነው!» «አይደለም፣ እዚያ የልብስ ሰፊው ነበር፣ የእናንተ ከመጸዳጃው ቀጥሎ ነው!» «ሾላዋን ረሳችኋት!» «እዚህ ጋ ነው ጥርሴን የሰበርኩት!» አንድ ሽማግሌ የቴሌቪዥኑ ቤት ላይ ትንሽ አንቴና ሣሉ። አንዲት እናት ልጃቸው ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ የቆመበትን ቦታ በጣታቸው ነክተው ዝም አሉ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ማንም ያልሞላቸው ጥቂት ጠባብ በሮችም ነበሩ፤ ማታ ማታ ቀይ መብራት የሚበራባቸው። የእነዚያን ሴቶች ስም የምናውቅ ነበርን፤ የጻፈ ግን የለም።

በግማሽ ሰዓት ወረቀቱ በስም ተሞላ። እኔም ተራዬ ደርሶ የእኛን በር አገኘሁና የአባቴን ስም ጻፍኩበት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁላችንም አንድ ነበርን፣ ሁላችንም እኩል ነበርን የሚል ንግግር ያደረገም ነበር፤ ሁላችንም አጨበጨብን።

«እኔ የት ነኝ?»

እሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ስትፈቅድልኝ የጠየቀችኝ ያንን ብቻ ነው። ዛሬ የራሷ የባልትና ሥራ ያላት፣ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች ሴት ናት። ለሃምሳችንም የሚበቃውን ድርቆሽና በሶ ይዛ የመጣችው እሷ ነች።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወጥታ እኛ ቤት ስትገባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያመጧት ሰዎች ለእማዬ «የሩቅ ዘመድሽ ናት» አሏት። እማዬም ለጎረቤቱ «ዘመዴ ናት» አለች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ታጥባለች፣ ትጋግራለች። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ማታ ማታ እኔ ከእማዬ ጋር አልጋ ላይ፣ እሷ ማድ ቤቱ ጥግ ሰሌን ላይ። ይህ ሁሉ በዚያን ጊዜ ለእኔ ፀሐይ በምሥራቅ እንደመውጣቷ ያለ ነገር ነበር። ምክንያት የሚጠየቅለት አልነበረም።

ጭብጨባው ሲበርድ ተነሥታ ወደ ወረቀቱ ቀረበች። መነጽሯን አወጣች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና እየሳቀች፣ «እኔ የት ነኝ?» አለች።

አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አንዱ «እነሱ ቤት ነዋ!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እሷ ግን የእኛን በር አይታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እዚህ አልተኛሁም» አለች። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ የማድ ቤቱ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለች፤ ከጥፍር የማትበልጥ። ስሟን ከነአባቷ ጻፈችበት። ከዚያም ከዚያች ጥግ እስከ ቦኖው ድረስ መስመር አሰመረች። «የእኔ ሰፈር ይህቺ መንገድ ናት» አለች። «እናንተ ብይ ስትጫወቱ እኔ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ሁላችሁንም ከዚያ ሆኜ ነው ያየኋችሁ። ለዚህ ነው ከሁላችሁ የበለጠ የማስታውሰው።»

የማን ጀሪካን ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው፣ ማን ወረፋ እንደሚሰርቅ፣ ማን ሌሊት ሌሊት ባሉ ሲመታት ጠዋት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ እንደምትመጣ፣ ለማን ውሃ በነፃ ይቀዳለት እንደነበር አንድ በአንድ አወራችን። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሰማት። ሰፈራችን እንደ አዲስ ተነገረን።

ቀይዋ አሥር ብር

ጨዋታው በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ስብስብ አንድ ሰው የቆየ ወሬ ማንሣቱ አይቀርም። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ሞቅ ብሏቸው፣ «ያቺ የዕቁቡ አሥር ብር የጠፋች ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ጠንቋይ ልንሄድ አልነበረም እንዴ!» ብለው ሳቁ። የሚያስታውሱት ሁሉ ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። እጄ ቀዘቀዘ።

ነሐሴ 1979 ነበር፤ አሥር ዓመቴ። የሴቶቹን ዕቁብ የምትሰበስበው እማዬ ነበረች። ብሩን ብፌው ላይ ካሉት ስኒዎች አንዱ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ስኒውን አነሣሁት፤ ቀይዋን አሥር ብር ወሰድኩ። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም መልስ የለኝም። ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ወጣሁ። ክሬም ያለው ኬክ በላን። የሕንድ ፊልም ገባን። በማግስቱ ደግመን ኬክ በላን። ቀሪውን ሳንቲም የት እንዳደረስኩት አላስታውስም። ያን ጊዜ አሥር ብር ለአንድ ልጅ ማለቂያ የሌለው ገንዘብ ነበር።

ብሩ ሲጠፋ እማዬ ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። ቤት ውስጥ የሚገባ የሚወጣ ሌላ ማን አለ? እሷን ጠራቻት። በጥፊ ስትመታት በር ላይ ቆሜ አየሁ። «አልወሰድኩም» ትላለች፤ እማዬ ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይገላግላል። እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን፣ በማግስቱ፣ በዓመቱ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። በመሐሉ ያቺን ታሪክ ራሴ እንደ ቀልድ ያወራሁባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ «እኛ ሰፈር ዕቁብ ጠፍቶ…» እያልኩ።

ያን ቀን ኮሚናል ቤቱ ውስጥ ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ምናልባት ያቺ የጥፍር ያህል አራት ማዕዘን ትሆናለች። «የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። «አሥሩን ብር የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ግርምት አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች። «ክሬሙ ቢጫ ቀሚስሽ ላይ ነበር። ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ለምን ያን ጊዜ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ማን ያምነኝ ነበር?»

ከዚያ ግን እስከዚያ ቀን ፈጽሞ የማላውቀውን ነገር ነገረችን። ደሞዟ በወር አምስት ብር ነበር። ስለዚህ አሥሩ ብር ከሁለት ወር ደሞዟ ተቀነሰ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምራ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየዙሩ ወደ ቀበሌያችንም ይመጣ ስለነበር፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እየሮጠች ትሄዳለች። መስከረም 1980 ላይ የማታ ትምህርት ለመመዝገብ ያን የክረምት ደሞዟን ነበር የጠበቀችው። ደሞዙ ቀረ። ምዝገባው አለፈ። የተመዘገበችው በዓመቱ ነው።

«ጥፊውን ረስቼዋለሁ» አለች። «ዓመቷን ግን እቆጥራታለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ፣ እኔ በልቤ ‹አምና ነበር መጨረስ የነበረብኝ› እያልኩ ነበር።»

እማዬ

እማዬ ከፊት ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን እንደ ሰዓት ነው። በትሯን ይዛ ለመነሣት ስትታገል ሁለት ሰው ደገፋት። «እዚህ ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። ተቀመጠች።

እማዬ እጇን ይዛ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኔ እኮ እንደ ልጄ ነበር የማይሽ» አለች።

«አውቃለሁ እማማ። በዚያ ክፉ ቀን ተቀብለውኛል፤ አብልተውኛል፤ ሲያመኝ ጤና ጣቢያ ይዘውኝ ሄደዋል። እርስዎ ባይኖሩ የት እደርስ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ግን እንደ ልጅዎ አልነበርኩም።»

እማዬ ትከራከራለች ብዬ ፈራሁ። በሕይወቷ ተሸንፋ የማታውቅ ሴት ናት። «እውነትሽን ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ» ብላ ከወንበሯ ጎንበስ ልትል ስትል፣ እሷ ቀድማ ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «ይቅር ለእግዜር እማማ፣ ይቅር ለእግዜር።»

እኔንስ ይቅር ብላኛለች? ጠይቄያታለሁ። «አሥር ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ለዚያ ይቅርታ አያስፈልግሽም» አለችኝ። «ለሠላሳ ሰባቱ ዓመት ግን ቡና እየጠጣን እንነጋገራለን።» በወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን። እየተነጋገርን ነው። ቀላል አይደለም። ያቺን አንድ ዓመት መመለስ አልችልም፤ ገንዘብም ብሰጣት እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። የምችለው ሲወራ ዝም አለማለት ብቻ ነው።

የእኔ ቤት፣ የእናንተ ቤት

ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ በር የከፈተችልኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ እኛ ጋ ከገባች ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ ነበረች። ልጆቼን ጠራኋቸውና ጠየቅኳቸው፦ «የአባቷ ስም ማን ነው?» ሁለቱም ተያዩ። ባለቤቴም አላወቀም። ማፈሬን ልንገራችሁ፤ እኔም መታወቂያዋን ከመሳቢያ አውጥቼ ነው ያነበብኩት።

እንደ እማዬ ዘመን አይደለም፤ ደሞዟን በወቅቱ እከፍላለሁ፣ ክፍል አላት፣ እጄን አንሥቼባት አላውቅም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ከዚያ የራሷን ቀን ቆጠርኩ። የምትነሣው ከሁላችን በፊት፣ የምትተኛው ከሁላችን በኋላ ነው። ለልጆቼ የማልፈቅደው ቀን ነው። ሕጉም ብዙ አያግዛትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ፣ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን ደንግጓል፤ እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ያለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ግን በራሱ ሥር አላካተተውም። ስለዚህ በብዙ ቤት ውስጥ ሕጉም ዳኛውም የእኛ ኅሊና ነው። ያ ዳኛ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሠላሳ ሰባት ዓመት ዝም ይላል።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት ሦስት ጊዜ «ምንም» አለችኝ። በሳምንቱ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል «ፀጉር ሥራ ብማር» አለች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ትሄዳለች። እሑድ የራሷ ናት። ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። እራት የሚዘገይባቸው ቀናት አሉ። ባለቤቴ ሽሮ ሁለት ጊዜ አሳርሯል። ልጄ ዕቃ ሲያጥብ ብርጭቆ ሰብሯል። ስትመረቅ ትታችሁ ትሄዳለች ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ትሂድ። እኔም ከእማዬ ቤት የወጣሁት ተምሬ ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት

በሚቀጥለው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ ስልኮቹን ለአንድ ሰዓት አስቀምጡና ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። እናት አባታችሁ ያደጉበትን ሰፈር ከልጆቻችሁ ጋር ሣሉት። ልጆቹ ይጠይቁ፣ አያቶቹ ይመልሱ፤ ድምፃቸውን ቅረጹት። ከተማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው፤ የፈረሰ ቤት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው የሚቆመው፤ ያም ሰው ለዘለዓለም አይኖርም። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጎረቤት ስም የማያውቅ ልጅ፣ አያቱ በአንድ ቆጣሪ ከሰባት ቤተሰብ ጋር እንደኖሩ ቢሰማ አይጎዳም።

ወረቀቱ ሲሞላ ግን አትነሡ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እዚህ ያልተሣለ ማን ነው?» ውሃ የቀዳው፣ ሌሊት የጠበቀው፣ ማድ ቤት ያደረው፣ ስሙን የማናውቀው። ምናልባት ያ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ምናልባት ስልኩ የሆነ ሰው ጋር ይገኛል። ምናልባትም እናንተ ወረቀቱን ስትሞሉ ከኋላችሁ ቆሞ ቡና እየቀዳ ነው።

የእኛ ካርታ በመስታወት ተሠርቶ አሁን ዕድሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ባለፈው ወር ልታየው ሄዳ ነበር። የልጅ ልጇን እጅ ይዛ የራሷን በር አላሳየችውም። ጣቷን ማድ ቤቱ ጥግ፣ ያቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ» አለችው፣ «አክስትህ ትተኛ ነበር።»